አያቷ የዋጡት መድኃኒት፦ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ያለው ሥራ

ፖስተር ሠርታችሁ ላካችሁ እንበል። ሁለት ሌሊት ፈጅቶባችኋል። ደንበኛው "አልተመቸኝም፣ ሌላ ሞክሩ" ብሎ መለሰ። "ለምን ቀይ አደረጋችሁት?" ሲላችሁ ደግሞ "ያምራል ብለን ነው" ከማለት ውጪ መልስ የላችሁም። ነገሩ የምርጫ ክርክር ሆነ። በምርጫ ክርክር ደግሞ ሁሌም የሚያሸንፈው ከፋዩ ነው።

እኛም ለገጻችን ምስል ስንሠራ እዚህ ጋ ስንት ጊዜ ወድቀናል። ለዚህ ነው ዛሬ "የዲዛይን ጥናት" የሚባለውን ነገር በአንድ እውነተኛ ታሪክ የምናስረዳችሁ።

👉 ታሪኩ

ዴቦራ አድለር ኒውዮርክ በሚገኘው ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ የማስተርስ ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን አያቷ ሄለን የባለቤታቸውን የሄርማንን መድኃኒት የራሳቸው መስሏቸው ዋጡ። ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው።

አድለር ይህንን የመመረቂያ ሥራዋ አደረገችው። ቆንጆ ብልቃጥ ለመሳል ግን አልቸኮለችም። የነበረውን ብልቃጥ ይዛ ችግሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች፦

▪️ ጎልቶ የሚታየው የመድኃኒቱ ስም ሳይሆን የፋርማሲው አርማ ነው።
▪️ ብልቃጡ ክብ ስለሆነ ጽሑፉን ለማንበብ እያዞሩ ማየት ያስፈልጋል።
▪️ የማስጠንቀቂያው ቀለምና የብልቃጡ ብርቱካናማ ቀለም ይዋዋጣሉ።

መፍትሔው የመጣው ከዚህ ዝርዝር ነው። የመድኃኒቱ ስም በትልቁ ከላይ ሆነ። ብልቃጡ ጠፍጣፋ ገጽ አገኘ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለያየ ቀለም ያለው ቀለበት አንገቱ ላይ ገባለት። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 "ክሊር አር ኤክስ" ብሎ ሥራ ላይ አዋለው። ከ10 ዓመት በኋላ ታርጌት ፋርማሲዎቹን ለሲ ቪ ኤስ ሲሸጥና ብልቃጡ ሲቀር፣ ደንበኞች "የድሮውን መልሱልን" ብለው ቅሬታ አሰሙ። ለብልቃጥ ሰው ሲከራከር አስቡት!

👉 ጥናት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንግሊዛዊው ምሁር ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ባሳተሙት ጽሑፍ ጥናቱን በሦስት ከፍለውታል። ዛሬ በተለምዶ እንዲህ ይተረጎማል፦

1. ስለ ዲዛይን ማጥናት፦ ለምሳሌ በእጅ የሚሳሉ የሱቅ ማስታወቂያዎችን ታሪክ መመርመር።
2. ለዲዛይን ማጥናት፦ አንድ ነገር ከመሥራት በፊት ተጠቃሚውንና ችግሩን ማወቅ።
3. በዲዛይን ማጥናት፦ ሥራው ራሱ ጥያቄ ይሆናል። እየሠራህ፣ እያፈረስክ፣ ለምን እንዳፈረስክ እየመዘገብክ አዲስ ነገር ታገኛለህ።

👉 በስልካችሁ ብቻ እንዴት ትጀምራላችሁ?

ለአንድ ጁስ ቤት ሜኑ ሥሩ ተባላችሁ እንበል።

▪️ እዩ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉና ተመልከቱ። ሰው ሜኑውን ያነባል ወይስ "ምን ምን አለ?" ብሎ አስተናጋጇን ይጠይቃል? ከጠየቀ ችግሩ የፎንት ምርጫ ላይሆን ይችላል።

▪️ ጠይቁ። "ይሄ ያምራል?" አትበሉ፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት "አዎ" ይላችኋል። "ባለፈው ስትመጣ ምን አዘዝክ? እንዴት መረጥክ?" በሉ።

▪️ ሞክሩ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፉት፣ 5 ሰው ላይ መሞከር አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር ያወጣል። ረቂቁን ለ5 ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ እዩ። ማስረዳት ከጀመራችሁ ዲዛይኑ አልሠራም ማለት ነው።

▪️ መዝግቡ። የጣላችሁትን ረቂቅ አታጥፉ። ቀኑንና የተዋችሁበትን ምክንያት ጻፉበት። ፖርትፎሊዮ ላይ ከመጨረሻው ምስል እኩል የሚታየው ይሄ ነው።

⚠️ አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ሰውን ፎቶ ከማንሳታችሁና ድምፁን ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ይሄን ለመጀመር ዲግሪ አያስፈልግም፤ ትዕግስትና ደብተር ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛው "ለምን?" ሲላችሁ "ከ5 ሰው 4ቱ ዋጋውን ማግኘት ስላቃታቸው ነው" ትላላችሁ። እሱም "አልተመቸኝም" ብሎ ብቻ ማለፍ ይከብደዋል።

እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን መድኃኒት አንሱና እዩ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አወሳሰዱ ፓኬቱ ላይ በስክሪብቶ ነው የሚጻፈው። "ይሄን እንዴት ነው የሚወስዱት?" ብላችሁ ጠይቋቸው። አነበቡት ወይስ በቃላቸው ነገሯችሁ?

ያገኛችሁትን በኮሜንት ጻፉልን፤ እናነባለን።