ጠቅ የምትለው የናፍጣ ማያያዣ

አንድ የናፍጣ መኪና አስቡ። ማታ በደህና ቆሞ፣ ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልለፋ አይነሳም። ከሥሩ አንዲት ጠብታ የለችም። ባትሪ ይቀየራል፣ ካንዴሌታ ይቀየራል፤ መኪናው ግን ያው ነው። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው የናፍጣ ቱቦው ላይ፣ ጠቅ ብላ በምትገጥም ትንሽ ማያያዣ ውስጥ ነው።

በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ሰልባትዮው ውስጥ ፓምፕ የለም፤ ናፍጣውን የሚስበው ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ነው። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡ ስትሮው ጎኑ ላይ ቢሰነጠቅ ጭማቂው አይፈስም፤ አፋችሁ አየር ይስባል። ማያያዣዋ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንግ የምንላት፣ ስትደክምም እንደዚሁ ነው። አየር ይገባል፣ ሌሊቱን ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ማያያዣው ደህና ነው እንዳትሉ!

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው መስመር ላይ ልትገባ ነው?» ብላችሁ ነው። ከከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደው መስመር ላይ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ በፍጹም አትግቡበት። በኮመን ሬይል ሞተር እዚያ ያለው ግፊት ከ1600 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው 2 ባር ገደማ ነው። እዚያ የሚፈስ ካለም በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። ቀጭኑ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።

የመመለሻው መስመር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ገበያ ላይ ሲለያዩ በሁለቱም ወገን ራሳቸውን የሚዘጉ ማያያዣዎች አሉ። ናፍጣ አይደፉም፣ ደስ ይላሉ። ግን በደንብ ሳይገጥሙ ከቀሩ ቫልቩ እንደተዘጋ ይቀርና ተመላሹ ናፍጣ መውጫ አጥቶ ፓምፑ ላይ ግፊት ይከማቻል። ናፍጣ ከሰልባትዮው በሚሳብበት መስመር፣ መሳቢያው ላይም፣ ቫልቩ መንገዱን ያጠባል። እኔ እነሱን የምመርጠው ቶሎ ቶሎ ለሚፈታ ነገር፣ ለምሳሌ ለተጨማሪ ሰልባትዮ ነው። ለሌላው ውስጧ ክፍት የሆነችው ትበቃለች።

ኦሪንጉ የምን ላስቲክ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ኢፒዲኤም የሚባለው ለውሃ ግሩም ነው፤ ናፍጣ ውስጥ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ናይትራይል ናፍጣ ይችላል፤ ሙቀት ሲበዛበት በዓመታት ይደርቃል። ናፍጣውንም ሙቀቱንም አብሮ የሚችለው ኤፍኬኤም፣ ብዙዎች ቫይተን የሚሉት ነው። ሦስቱም ጥቁር ሆነው ሊሸጡ ስለሚችሉ ቀለም አይታችሁ አትፍረዱ። የኮምፕሬሰር የአየር ማያያዣ «ገጥሟል» ተብሎ ሲገባ ልቤ የሚሰጋው ለዚህም ነው። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ይቅር፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋህዶ ኢንጀክተር ላይ የሚጋገር ዝቃጭ ይፈጥራል።

ልኩም አታላይ ነው። ኤስኤኢ ጄ2044 በሚባለው ደረጃ ከተለመዱት የቱቦ ጫፎች አንዱ 7.89 ሚሊሜትር ነው፤ ለዓይን ከ8 ሚሊሜትር አይለይም። ጫፉ ላይ ደግሞ ማያያዣዋ የምትነክሰው ጉብ ያለ ቀለበት መኖር አለበት። ተቆርጦ ለስላሳ የቀረ ቧንቧ ገብቶ ይቀመጣል፤ ግን የያዘው ነገር የለም፣ አንድ ቀን ይወጣል። ያ ቀን ናፍጣው የጋለ ቱርቦ ላይ ከተረጨ እሳት ነው።

ስትገጥሙ ጫፉን ጥረጉ፣ በንጹሕ ናፍጣ አርጥቡት፣ ጠቅ እስኪል ግፉት፣ ከዚያ መልሳችሁ ጎትቱት። መሳቢያው ላይ አየር መግባቱን ለማየት ለጊዜው ከፓምፑ በፊት ናፍጣ የሚችል ብርሃን አሳላፊ ቱቦ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ ማያያዣዎቹን ከሰልባትዮው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ።