በጓሮ ተለቅቀው የሚያድጉ የአገር ዶሮዎች፤ ጫጩቶችን ከሞት የማትረፍ ዘዴ

በአገራችን ገጠር አብዛኛው ቤተሰብ ጥቂት የአገር ዶሮዎችን ጓሮ ለቅቆ ያረባል። እነዚህ ዶሮዎች ትናንሾች ናቸው፤ የእንቁላላቸው ክብደት በአማካይ 40 ግራም ገደማ ሲሆን፣ አንዲት ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር ከፈረንጅ ዶሮ ምርት ጋር በማነጻጸር «የአገር ዶሮ ጥቅም የላትም» የሚሉ የልማት ሠራተኞች አይጠፉም። አባባሉ ግን ችግሩ ካለበት ቦታ የራቀ ነው። የአገር ዶሮ ምግቧን ጭራ ታገኛለች፤ አውሬ ሲመጣ ትሸሻለች፤ ከሁሉም በላይ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ጉዳቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ስለዚህ እንቁላል ለማብዛት ከመድከም በፊት የተፈለፈለውን ማትረፍ ይቀድማል።

በመጀመሪያ የማስታቀፊያው ጊዜ ይታሰብበት። እንቁላል በጾም ወራት ዋጋው ይወርዳል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን የታቀፈ እንቁላል በ21 ቀኑ፣ ማለትም በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይፈለፈላል። ጊዜው የአጨዳና የውቂያ ስለሆነ በአውድማና በደጅ የፈሰሰ እህል ሞልቷል፤ ዝናብም የለም። ክረምት እስኪገባ ድረስ ጫጩቶቹ ስድስት ወር ይሞላቸዋል። አውራዎቹም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳሉ። በሐምሌ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ብርዱ፣ ጭቃውና የምግብ እጥረቱ አንድ ላይ ይወርዱበታል።

ለማስታቀፍ የሚመረጠው እንቁላል መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ከተጣለ ከ10 ቀን ያልበለጠ ይሁን። ቢቆሽሽም አይታጠብ። እናቶች እንቁላልን በእህል ውስጥ ቀብረው ማስቀመጣቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ሹል ጫፉ ወደ ታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። አንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በሚገባ ትሸፍናለች። ከዚያ በላይ ሲጨመር ዳር ዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ። ጎጆዋ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት፣ ቅማል እንዳይገባ ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት፣ ጨለም ያለና ውኃ የሚቀርብበት ይሁን።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ነፍስ ያለው እንቁላል በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ያሳያል። ጥርት ብሎ የሚታየው ዘር የለውምና ይወጣል። ሁለት ዶሮዎችን በአንድ ቀን ማስታቀፍ ከተቻለ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን ወደ መጣል መመለስ ይቻላል። መታቀፍ ለማስተው ተብሎ በአፍንጫዋ ላባ መሰካት ወይም ቁልቁል ማንጠልጠል ግን ዶሮዋን ከማሠቃየት በቀር አያስፈልግም፤ ነፋስ በሚያስገባ የርብራብ ቆጥ ላይ ለጥቂት ቀን ብትቀመጥ ይበቃል። ምግብና ውኃ አይከልከሏት።

ከሁሉም የሚከብዱት ከተፈለፈሉ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ናቸው። እናቲቱ ጫጩቶቿን ይዛ ከማለዳ ጀምሮ በጤዛ ውስጥ ስትዞር ደካሞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ የቀረውንም ጭልፊት፣ ድመት ወይም ሸለምጥማጥ ይወስደዋል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር በትልቅ ቅርጫት ሥር ወይም በሽመል በታጠረ ትንሽ ቦታ ማቆየት ነው። ጫጩቶቹ የሚሾልኩበት፣ እናቲቱ ግን የማትገባበት ክፍተት ያለው አጥር ተሠርቶ ምግባቸው በውስጥ ቢቀመጥ ትልልቆቹ አይቀሟቸውም። ምግባቸው የተፈጨ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ የጤፍ ግርድ፣ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ፣ የተከተፈ ጎመን ነው። ምስጥ ባለበት አገር ምስጥ ከሁሉ ይበልጣል። ውኃው ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ይቅረብ፤ ጫጩት እንዳይሰጥም ጠጠር ይጨመርበት። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊነሣ ስለሚችል ጭዱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ፈንግል የገባበት መንደር ይህን ያውቃል። ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ትቀምጣለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ብዙዎቹም በጥቂት ቀን ያልቃሉ። መድኃኒት የለውም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በበጋው መጨረሻና በዝናቡ መግቢያ ሲሆን፣ ከበሽታው ጋር የሚዛመተው ግን የሰው ድርጊት ነው፤ ባለቤቱ ዶሮዎቹ መሞት ሲጀምሩ የተረፉትን በጥድፊያ ገበያ ያወጣል። በእርግጥ ለኪሣራ የተጋለጠች እናትን «አትሽጪ» ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ምክሩ የሚሰማው ክትባቱ አስቀድሞ ሲደርስ ነው።

ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀትን በአንጻሩ የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል። አሰጣጡ ቀላል ነው፤ የዶሮዋን ራስ ጋደም አድርጎ አንድ ጠብታ በዓይኗ ውስጥ መጨመርና ዓይኗን እስክታርገበግብ መጠበቅ። ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም መጠኑ ያው አንድ ጠብታ ነው። በየሦስት እስከ አራት ወር ይደገማል፤ ከዝናቡ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚሰጠው ፈጽሞ መታለፍ የለበትም። ሙቀት ይቋቋማል ማለት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የታመመችን ዶሮ አይፈውስም፤ ስለዚህ በሽታው ከገባ በኋላ ተሰጥቶ ሲሞቱ «ክትባቱ ገደለብን» የሚል ወሬ ይነሣል፤ ይህም የሚቀጥለውን ዘመቻ ያበላሻል። እንቁላሉንና ሥጋውን መብላት ያስፈራል ወይ ብለው ለሚጠይቁ እናቶች እንደማያስፈራ በግልጽ ይነገራቸው።

እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተግባር ይጀምራል። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ገዝታ አትጠቀምበትም፤ ከተበጠበጠም በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ማኅበሩ የጎጡን ዶሮዎች ቆጥሮ፣ ገንዘቡን ሰብስቦ፣ ቀን ቆርጦ ቢያስከትብ ግን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ወጪ አነስተኛ ይሆናል። ክትባቱ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከተለቀቁ በኋላ ዶሮ ማሳደድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የልማት ሠራተኛውም በስብሰባ ላይ ባልየውን ብቻ አነጋግሮ አይመለስ። የዶሮ ሀብት በአብዛኛው ቤት የሴቷ ነው፤ የጨውና የደብተር መግዣ ከዚያ ይወጣል፤ ስንት እንደተፈለፈለና ስንት እንደተረፈ የምታውቀውም እሷ ናት።

ከገበያ የተገዛ ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። በበሽታ የሞተውም ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር።