አበባው ለምን ይረግፋል? ጣፋጩስ ለምን ያቃጥላል? የፈረንጅ ቃሪያ በከሚሴ ጓሮ



የዛሬው ንግግሬ ሕዝባችን «የፈረንጅ ቃሪያ» ስለሚለው ጣፋጭ ቃሪያ ነው። በኦሮሚያ ዞናችን ይህን ተክል በጓሮ ለማልማት በሚደረገው ጥረት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ተክሉ አምሮ ካደገና ካበበ በኋላ አበባው ለምን ይረግፋል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከጣፋጭ ፍሬ የተያዘ ዘር በማግሥቱ ዓመት ለምን የሚያቃጥል ፍሬ ያፈራል? የሚል ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው የተለመደ መልስ «አፈራችን አልተስማማውም» ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው በአብዛኛው የቀን መቁጠሪያ፣ ሁለተኛው ደግሞ የዘር ሐረግ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከአበባው እንጀምር። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቦርከና በሚያልፍበት የጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የጣፋጭ ቃሪያ አበባ በበኩሉ ልከኛ ሙቀት ይሻል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ሌሊቱም በጣም ሲሞቅ የአበባው ዱቄት ይደክማል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው አበባው ከመፈንዳቱ በፊት፣ ገና እምቡጥ ሳለ ነው። ያልዳበረውን አበባ ተክሉ ራሱ ይጥለዋል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድም ፍሬው ይቀጭጫል፣ ቅርጹም ይዛባል። ፍሬያቸው ትናንሽ የሆነ የሚያቃጥሉ ዝርያዎች ሙቀቱን በተሻለ ይቋቋማሉ። የጎረቤት በርበሬ እያፈራ የእኛ ጣፋጭ ቃሪያ አበባውን የሚያረግፈው ስለዚህ ነው።

አበባው ሲረግፍ ብዙዎቻችን ውኃና ዩሪያ እንጨምራለን። ይህ ችግሩን ያባብሰዋል። ውኃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ከመጠን ያለፈ ውኃ ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ ለሥር መበስበስም በር ይከፍታል። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም።

ትክክለኛው መፍትሔ አበባውን ከሙቀቱ ወራት ማራቅ ነው። በበልግ የተተከለ ችግኝ የሚያብበው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። በአንጻሩ ዘሩ በነሐሴ መጀመሪያ ከዝናብ በተከለለ መደብ ላይ ቢዘራ፣ ችግኙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ማለቂያ ይተከላል። በዚህ ስሌት አበባው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይወጣል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከመበርታቱ በፊትም ፍሬ መያዝ ይጀምራል። በተክሎች መካከል 30፣ በረድፎች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ መደቡም ከፍ ይበል። ከዚያ በፊት ቲማቲም፣ ድንች ወይም በርበሬ የነበረበት ቦታ አይመረጥ፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው በሽታቸውን ይጋራሉና።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ጣፋጭ ቃሪያና በርበሬ በሳይንሳዊ ስማቸው ካፕሲኩም አኑም የሚባሉ፣ የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። የማቃጠል ባሕርይ ካፕሳይሲን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ በውርስ ሕግ አሸናፊ ነው፤ ጣፋጭነት ተሸናፊ ነው። ቃሪያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሆኖም ንብ የበርበሬን ዱቄት ወደ ጣፋጩ አበባ ልታመጣ ትችላለች። በዚያ ዓመት ፍሬው አይለወጥም፤ ካፕሳይሲን የሚመረተው ዘሩን በሚይዘው ነጭ ሥጋ ውስጥ ነውና፤ ይህም የእናቲቱ ተክል አካል ነው። የአባት ውርስ የሚገኘው ዘሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው የጣፈጠውን ፍሬ በልቶ፣ የሚያቃጥለውን ዘር ሳያውቅ ያስቀምጣል። በከሚሴ ጓሮዎች በርበሬ የቅርብ ጎረቤት በመሆኑ ይህን መጠንቀቅ የግድ ነው።

ጥንቃቄውም ቀላል ነው። ለዘር የታሰበውን እምቡጥ ከመፈንዳቱ በፊት በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ ፍሬ ሲይዝ ጨርቁን አንሥቶ በክር ምልክት ማሰር፣ ፍሬውንም ፈጽሞ እስኪቀላ በተክሉ ላይ መተው ነው። ዲቃላ ዘር ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉምና።

ውድ ተማሪዎች፣ ወቅቱ ያመለጠው ቤተሰብ ዓመት ይጠብቃል፤ ለዘር ያወጣው ገንዘብም አይመለስለትም። ስለሆነም ከእናንተ የምጠብቀው ሥራ አለ። ከባቲ እስከ ጂሌ ጥሙጋ የጓሮዎቻችን ከፍታና ሙቀት አንድ አይደለም፤ እኔ የጠቀስኳቸውም ወራት ለሁሉም እኩል አይሠሩም። በየጓሮው የሌሊቱንና የቀኑን ሙቀት፣ አበባው የወጣበትንና የረገፈበትን ቀን መዝግቡ። አፈሩን ከመውቀሳችን በፊት መዝገቡን እንጠይቅ።