ድምፅ ከአንዳንድ ፕሮግራሞች ሲጠፋ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው። ነዋሪዋ ከቤቱ ቧንቧዎች አንዱ ብቻ ቢደርቅበት፣ ጥፋቱን ከምንጩ ሳይሆን ከዚያው ቧንቧ ይፈልጋል። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የሙዚቃ ማጫወቻው እየተሰማ ፋየርፎክስ ዝም ቢል፣ ድምፅ ማጉያው ደኅና ስለ ሆነ ሌላ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ፕሮግራሙን እያጫወታችሁ ፓቩኮንትሮል የተባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፈቱ፤ ድምፅ የሚልክ ፕሮግራም በዚያ ተዘርዝሮ ይታያል። በመጀመሪያ የፕሮግራሙ ድምፅ ተዘግቶ እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ የየፕሮግራሙ ልክ ስለሚመዘገብ፣ ትናንት የተዘጋው ዛሬም ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎም ድምፁ ወደ ሌላ መውጫ፣ ለምሳሌ ወደ ተያያዘ ቴሌቪዥን፣ ተልኮ እንደ ሆነ መርምሩ። ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ፈጽሞ ከታጣ ግን ጥፋቱን በራሱ ማስተካከያ ውስጥ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ምንጩና ቧንቧው የምን የምን ምሳሌዎች ናቸው?