የትከሻን ሸክም ወደ ኤሌክትሪክ፦ ትንንሽ ክሬኖች ለመኖሪያ ቤት ግንባታ

ባሕር ዳር፦ በባሕር ዳር ከተማ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤት ሲገነባ የሚታየው ሥራ በአብዛኛው የሰው ጉልበት ነው። ከገጠር ተቆርጦ የመጣ ባሕር ዛፍ ለመወጣጫ ይቆማል፤ አሸዋው በባሬላ፣ ብሎኬቱ በትከሻ፣ የተቦካው ሲሚንቶ በባልዲ ወደ ላይ ይወጣል። ከተሸካሚዎቹ መካከል የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል ወደ ከተማ የሚመጡ ወጣቶችና በቀን ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ይገኙበታል።

ክሬን ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ያለ ከባድ ማንሻ ማሽን የሚታሰብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለድልድይ የሚቆም ክሬን ለአንድ ቤተሰብ ቤት አይመጥንም፤ ግቢው ይጠብበታል፣ ወጪውም ይከብዳል። ትንንሽ የኤሌክትሪክ ክሬኖች የተሠሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ሊብኸር እ.ኤ.አ በ1949 በቀላሉ ተጓጉዞ በሥራ ቦታው የሚገጣጠም የማማ ክሬን የሠራው፣ በጦርነት የፈራረሱ ቤቶችን ፈጥኖ መልሶ ለመገንባት በነበረው ፍላጎት ነበር።

ዛሬ ለመኖሪያ ቤት የሚያገለግሉት በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በብረት ክንድ ከወለሉ ጠርዝ ላይ የሚታሰር የኤሌክትሪክ ዊንች ነው፤ በቤት መብራት፣ በ220 ቮልት ሠርቶ ጥቂት መቶ ኪሎ ግራም ያነሳል። ሁለተኛው እግሮቹን እንደ ሸረሪት ዘርግቶ የሚቆም ትንሽ ክሬን ነው፤ በበር የሚያልፉና በባትሪ የሚሠሩ ዓይነቶች አሉት። ሦስተኛው በተጎታች ታጥፎ መጥቶ ራሱን የሚያቆም የማማ ክሬን ሲኾን ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል።

የሚፈጁት ኃይል ከሚገመተው ያነሰ ነው። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 9 ሜትር ከፍ ለማድረግ 4 ሺህ 400 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ግማሹ ኃይል በሞተሩና በገመዱ ቢባክን እንኳ፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 400 ያህል ከረጢት ወደዚያ ከፍታ ያወጣል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሠራተኛ ግን ያንኑ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ የራሱንም ክብደት ያነሳል፤ ከድካሙ ከግማሽ በላይ የሚኾነው ገላውን ለማውጣት የሚውል ነው።

ኃይሉም ከደጅ የሚገኝ ነው። ከጣና ሐይቅ በዋሻ የሚወሰደው ውኃ፣ በ2002 ዓ.ም የተመረቀውንና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል።

መብራት ቢቋረጥስ? በአግባቡ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማንሻ ፍሬኑ የሚለቀው ኤሌክትሪክ ሲኖር ብቻ ነው። ኃይሉ በጠፋ ቅጽበት ሞላው ፍሬኑን ይዘጋዋል፤ ጭነቱም ባለበት ተንጠልጥሎ ይቆማል። ፍሬኑ ያረጀ ወይም በግምት የተሠራ ማንሻ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ርቀት ነው። አንድ ባልዲ ውኃ ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድ ዘርግቶ መያዝ እንደማይመሳሰል ሁሉ፣ ክሬንም ክንዱ በረዘመ ቁጥር የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። በ4 ሜትር ርቀት 1 ሺህ ኪሎ ግራም የሚያነሳ ክሬን በ16 ሜትር ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ሊታመን አይገባም። በክሬኑ ላይ የሚለጠፈው የጭነት ሰንጠረዥ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። በጣና ዙሪያ የሚገኘውን መረሬ አፈር አርሶ አደሩ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ይላላል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የቆመ ክሬን አንድ እግሩ ቢሰምጥ መላው ማሽን ይዘማል። ስለዚህ ከየእግሩ ሥር ክብደቱን የሚያሰፋ ወፍራም ሳንቃ ወይም ብረት ማንጠፍ፣ ከዝናብ በኋላም ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሬቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር ደግሞ ማንም ሰው መቆም የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብና ሠራተኞች ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ እንዲያውቁ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ለአንድ ቤት ተብሎ ክሬን መግዛት አዋጭ ላይኾን ይችላል። ስንዴ አምራች አርሶ አደሮች ኮምባይነር ሳይገዙ በኪራይ እንደሚያሳጭዱ ሁሉ፣ ተደራጅተው በኪራይ የሚያሠሩ ባለሙያዎች ካሉ ግን አንድ ማሽን ብዙ ቤቶችን ማዳረስ ይችላል።

ማሽኑ ሸክምን ሲያቀል የሸክም ሥራንም ይቀንሳል። በሸክም የዕለት ጉርሷን ለምታገኝ እናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንጻሩ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ ጭነት የሚያስርና ምልክት የሚሰጥ የሠለጠነ ሰው ይፈለጋል። ሥልጠናው ትናንት ባሬላ ይዘው ለነበሩት ቅድሚያ ከሰጠ፣ ክሬኑ ወገባቸውን ከሕመም ሲያሳርፍ እንጀራቸውን አይነጥቅም።