የዘፈን ውድድርና የዳኞች ጆሮ
(በሬዲዮ ከተነገረው)



አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ ዘፈን ሰምቶ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ብሎ ሲፈርድ የሚመዝነው ዜማውን ነው ወይስ ዘፋኙን የላከውን አገር? ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። በየዓመቱ በግንቦት ወር ዩሮቪዥን የተባለው የዘፈን ውድድር በቴሌቪዥን በሚታይበት ሌሊት ክርክሩ እንደገና ይነሣል። የተሸነፈው ወገን «ጎረቤታሞች ተመካክረው ነሱን» ሲል፥ ያሸነፈው ደግሞ «ዘፈናችን በልጦ ነው» ይላል። በዛሬው ንግግራችን የማንኛቸው ቃል ወደ እውነት እንደሚቀርብ ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ውድድሩ የተጀመረው በ1956 በስዊስ አገር ሉጋኖ በተባለችው ከተማ ነው። ሰባት አገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘፈን አቀረቡ። ዳኞቹ ድምፃቸውን የሰጡት በምስጢር ሲሆን፥ ለገዛ አገራቸው መፍረድም አልተከለከሉም ነበር። በመጨረሻ ሊስ አሲያ የተባለችው የስዊስ ዘፋኝ ማሸነፏ ተነገረ፤ የቀሩት ግን ምን ያህል ነጥብ እንዳገኙ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቀረ። ከእንዲህ ያለ አጀማመር ጥርጣሬ ቢወለድ የሚያስገርም አይደለም። በሚቀጥለው ውድድር ነጥቡ በሰሌዳ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ፥ ማንም አገር ለራሱ ድምፅ እንዳይሰጥ ተደነገገ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በግልጽ በመደረጉ ሐሜቱ አልቀረም። በ1963 በሎንዶን በተደረገው ውድድር የኖርዌይ ዳኞች ተጠሪ ነጥቡን ሲያነብ የተወሰነውን ሥርዐት ስላልጠበቀ፥ የሌሎቹ አገሮች ድምፅ ካለቀ በኋላ እንደገና እንዲጠየቅ ተደረገ። ሁለተኛ ሲጠየቅ ያነበበው ቁጥር ከፊተኛው የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም ለውጥ የኖርዌይ ጎረቤት የሆነችው ዴንማርክ 42 ነጥብ አግኝታ፥ 40 ነጥብ ያገኘችውን ስዊስን በለጠች። የአሠራር ስሕተት ይሁን የጉርብትና ሥራ፥ ታሪኩ እስከ ዛሬ ይወራል። በ1969 ደግሞ በማድሪድ አራት አገሮች እኩል 18 ነጥብ አገኙ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ የታሰበ ደንብ ስላልነበረ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። ከብዙ መለዋወጥ በኋላ በ1975 እያንዳንዱ አገር አንደኛ ላለው ዘፈን 12፥ ሁለተኛ ላለው 10፥ ከዚያም ከ8 እስከ 1 እንዲሰጥ ተወሰነ። የነጥቡ ልክ እስከ አሁን ይኸው ነው።

ዳኞች ተብለው የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ሊመካከሩ ይችላሉ ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ታዲያ ሚሊዮን ሕዝብ በየትኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ይመካከራል? ይህ ታስቦ በ1997 አምስት አገሮች ለሙከራ የሕዝቡን ድምፅ በስልክ ተቀበሉ፤ በ1998 አብዛኞቹ ተከተሏቸው። የሆነው ግን የታሰበው አይደለም። የጎረቤት ለጎረቤት መስጠት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጎልቶ ታየ። ግሪክና ቆጵሮስ ከፍተኛውን ነጥብ እየተለዋወጡ ለተመልካቹ መሣቂያ ሆኑ። በ1980ዎቹና ከዚያም በኋላ ውድድሩን ለእንግሊዝ ተመልካቾች ሲተርክ የኖረው ቴሪ ዎገን በ2008 ሩሲያ በቤልግሬድ ካሸነፈች በኋላ በድምፅ አሰጣጡ ተማርሮ ሥራውን ለቀቀ። በ2009 የመጨረሻው ውድድር ውጤት እኩሌታው ከሕዝቡ፥ እኩሌታው ከሙዚቃ ባለሙያዎች እንዲሆን ተደረገ።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። በአንድ አገር አንድ ሺህ ሰዎች ስልክ ደወሉ እንበል፤ የቀረቡትም ዘፈኖች 25 ናቸው። ዘጠኝ መቶው የአገሩ ተወላጆች እንደየስሜታቸው ለሃያ አምስቱ ቢያከፋፍሉት ለአንዱ ዘፈን በአማካይ 36 ድምፅ ይደርሰዋል። እጅግ የተወደደው ዘፈን ይህን ሁለት እጥፍ ተኩል ቢያገኝ 90 ይሆናል። የቀሩት አንድ መቶ ሰዎች ግን ከአንድ ባዕድ አገር ለሥራ መጥተው የሚኖሩ ስደተኞች ቢሆኑና ሁሉም ለትውልድ አገራቸው ቢደውሉ፥ መቶ ከዘጠና ስለሚበልጥ 12 ነጥብ የሚሄደው ወደ ስደተኞቹ አገር ነው። ከመቶው ዘጠናው ያንን ዘፈን ጨርሶ ባይወደውም ውጤቱ አይለወጥም፤ አልወድም ብሎ ነጥብ መቀነስ በደንቡ የለምና። በጀርመን አገር በርካታ ቱርኮች መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው፥ ቱርክ ትወዳደር በነበረበት ጊዜ ከጀርመን ከፍ ያለ ነጥብ ደጋግማ ማግኘቷ ምስጢር አይሆንበትም። በዚያ ላይ የሳን ማሪኖ 12 ነጥብና የጀርመን 12 ነጥብ በሰሌዳው ላይ አንድ ናቸው። እስከ 2025 ድረስ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ያህል ድምፅ መስጠት ይፈቀድለት ስለነበረ የጥቂቶች ትጋት የብዙዎችን ቸልተኝነት ማሸነፉ ይበልጥ ቀላል ነበር። ብዙ ክርክር ካስነሣው ከ2025 ውድድር በኋላ ይህ ቁጥር ለ2026 ወደ አሥር ዝቅ እንዲል ተወስኗል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አድልዎ ነውን? ቪክቶር ጊንስበርግና አብዱል ኑሪ የተባሉ ሊቃውንት የብዙ ዓመታቱን ነጥብ መርምረው በ2008 ባወጡት ጽሑፍ፥ አገሮች ድምፅ የሚለዋወጡት በፖለቲካ ስምምነት ነው ከማለት ይልቅ የቋንቋና የባሕል መቀራረብ ነገሩን እንደሚያስረዳው ገልጸዋል። ማርታ ብላንጂያርዶና ጃንሉካ ባዮም በ2014 ባወጡት ጥናት፥ አንዳንድ አገሮች ለአንዳንዶች መጠነኛ ዝንባሌ ማሳየታቸውን ሲያገኙ፥ አንዱ አገር ሌላውን ሆን ብሎ ለመጉዳት ነጥብ ይነሣል የሚለውን ክስ የሚደግፍ ማስረጃ ግን አላገኙም። በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጆሮ የሚለምደው በልጅነት የሰማውን ነው። ትዝታና ባቲ ሲሰማ ያደገ ሰው ያንኑ ቅኝት በሩቅ አገር ቢሰማ ልቡ ይደነግጣል፤ ይህን አድልዎ ብንለው ቃሉን ከልኩ በላይ መለጠጥ ይሆናል። ሰርቡ የክሮኣቱን ዜማ ቢወድ፥ ሁለቱ በጦር ሜዳ የተፋለሙ መሆናቸውን እያወቀ ነው።

ከእኛ ጋራ ግንኙነት ያለው ምሳሌም አለ። ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች በኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ በ2020 እስራኤልን ወክላ እንድትዘፍን የተመረጠችበት ዘፈን ስሙ «ፍቅር ልቤ» ሲሆን አማርኛም ነበረበት። በዚያ ዓመት ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት ስለ ተሰረዘ፥ የአውሮፓ ጆሮ ለአማርኛው ቃል ምን ያህል ነጥብ ይሰጥ እንደ ነበረ ሳይታይ ቀረ። በ2021 በሌላ ዘፈን ቀርባ 93 ነጥብ በማግኘት አሥራ ሰባተኛ ሆናለች።

ፖለቲካ ጨርሶ አይገባም ማለታችን ግን አይደለም። በ2022 ጦርነት የተነሣባት ዩክሬን ከሕዝቡ ብቻ 439 ነጥብ ስታገኝ በዘፈኑ ላይ ኀዘኔታ መጨመሩን የሚክድ የለም። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ የስድስት አገሮች ባለሙያ ዳኞች የሰጡት ድምፅ እርስ በርሱ የተያያዘና አጠራጣሪ ሆኖ ስለ ተገኘ ተሰርዟል፤ ስለዚህ አስተካካይ ተብለው የተመለሱት ባለሙያዎች ራሳቸው አስተካካይ አስፈለጋቸው። በ2023 ደግሞ ሕዝቡ ለፊንላንዱ ዘፋኝ 376፥ ዳኞቹ 150 ሰጡ፤ ለስዊድኗ ሎሪን ሕዝቡ 243፥ ዳኞቹ 340 ሰጡ። ድሉ 583 ለ526 የስዊድን ሆነ። ከዚህ ቀደምም በ1974 አባ የተባለው የስዊድን ቡድን ውድድሩን አሸንፎ ዓለምን ሲያዳርስ፥ የእንግሊዝ ዳኞች የሰጡት ነጥብ ዜሮ ነበር።

ባለሙያ የሚባለው ሰው ከጎረቤት፥ ከቋንቋና ከፖለቲካ ሁሉ ቢነጻ ጆሮው የታመነ ሚዛን ይሆናልን? ለዚህ መልስ የሚገኘው ከዩሮቪዥን ውጭ ነው። በብራስልስ በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የሚደረገው የሙዚቃ ውድድር በዓለም እጅግ ከሚከበሩት አንዱ ነው። ዳኞቹ የታወቁ የሙዚቃ ሊቃውንት ናቸው። ለመጨረሻው የሚደርሱት አሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች በየማታው ሁለት ሁለት ሆነው በስድስት ምሽት ይጫወታሉ፤ ማን በየትኛው ምሽት እንደሚጫወት የሚወሰነው በዕጣ ነው። ሁሉም ከዚያ በፊት በአደባባይ ያልተሰማ አንድ አዲስ ድርሰት በአንድ ሳምንት ውስጥ አጥንተው ያቀርባሉ። ሬናቶ ፍሎሬስና ከላይ የጠቀስነው ጊንስበርግ በ1996 ባወጡት ጥናት፥ በመጀመሪያው ምሽት የሚጫወቱት ዝቅ ያለ፥ በኋለኞቹ ምሽቶች የሚጫወቱት ከፍ ያለ ደረጃ የማግኘት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳዩ። ዕጣ ደግሞ ችሎታን አያውቅም።

ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ዳኞቹም አዲሱን ድርሰት በመጀመሪያው ምሽት ሲሰሙት ባዕድ ይሆንባቸዋል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ይለምዱታል፥ ይወዱታልም። የብዙ ሰው የፈተና ወረቀት ያረመ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ሳይረዳው አይቀርም፤ የፊተኞቹን ሦስት አራት ወረቀቶች ሲያርም እጁ ይጠብቃል፥ የሚመጣውን ገና አያውቅምና።

ጊንስበርግ ነገሩን በዚህ አልተወውም። ከያን ፋን ኦውርስ ጋራ ሆኖ በ2003 ባወጣው ሌላ ጥናት የፒያኖ ተወዳዳሪዎቹን የኋላ ኑሮ ተከታተለ፤ ሸክላ የታተመላቸውን ሁሉ ቈጠረ፥ የሙዚቃ ሐያስያን የሚሰጧቸውንም ግምት ሰበሰበ። ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙት ከውድድሩ በኋላም ዝናቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የደረጃው አንዱ ክፍል ከችሎታ ሳይሆን ከዕጣው የመጣ ቢሆንም ነው። በመጀመሪያው ምሽት እንዲጫወት ዕጣ የወጣበት ወጣት ዋጋውን ሲከፍል የሚኖረው በዚያች ማታ ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላም ስሙን ለመጥራት የሚያመነታ የኮንሰርት አዘጋጅ ይገጥመዋል።