ጥንታውያን አራዊትን በሸክላ ስለ መቅረጽ

የሸክላ ሥራ ከእጅ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከቈዩት አንዱ ነው። ሰው ድስትና እንስራ መሥራት ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ጭቃን በእሳት እያጠነከረ የአራዊትን መልክ ይቀርጽ ነበር። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በአውሮፓ በቼክ አገር ዶልኒ ቬስቶኒትሴ በሚባለው ስፍራ ከምድር ተቈፍሮ የወጣው ነው። በዚያ ከ25000 ዓመት በላይ የሆናቸው፥ በእሳት የተተኰሱ የድብ፥ የአንበሳና የማሞት ትንንሽ ምስሎች ተገኝተዋል። ማሞት ማለት ሰውነቱ ጠጕር የለበሰ፥ ዛሬ ከምድር የጠፋ የዝሆን ወገን ነው። የዚያ ዘመን ሰው አውሬውን በዓይኑ እያየ ቀረጸው፤ የዛሬ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አጥንቱን ነውና፥ ከእጅ ጥበብ ጋራ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

በካራ የሚኖር ተማሪ የእንጦጦን ግርጌ ቢቈፍር እንዲህ ያለውን አጥንት በቀላሉ አያገኝም። የእንጦጦና የየካ ተራሮች ከምድር ሆድ በእሳት ቀልጦ ከወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸውና። የጥንት አጥንት ደኅና ሆኖ የሚቈየው ወንዝ ወይም ሐይቅ ደለሉን በላዩ እየደራረበ በቀበረው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት የሚፈልጉት እንደዚህ ባሉ ስፍራዎች ነው። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምዕራብ በኩል በሙገር ሸለቆ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ ደግሞ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸው የጥንት ዝሆኖችና የሌሎች አራዊት አጥንቶች መገኘታቸው በ1996 ዓ.ም. ተገለጸ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በመልካ ቁንጥሬ፥ በአዋሽ ዳር፥ የጉማሬ አጥንት ከድንጋይ መሣሪያ ጋራ ይገኛል።

ከእነዚህ አራዊት መልካቸው እጅግ የሚያስደንቅ አለ። በጭልጋ የተገኘው አርሲኖይቴሪየም አውራሪስን ይመስላል፤ ነገር ግን በአፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ታላላቅ የአጥንት ቀንዶች ነበሩት። በኦሞ ሸለቆ አጥንቱ የተገኘው ዴይኖቴሪየም የዝሆን ዘመድ ሲሆን፥ ጥርሱ ከላይኛው መንጋጋ ሳይሆን ከታችኛው ወጥቶ ወደ ምድር የተቈለመመ ነበር። ሲቫቴሪየም የቀጭኔ ወገን ነው፤ አንገቱ ግን አጭር፥ አካሉም ወፍራም ነበር።

አጥንት የአውሬውን ቁመት፥ የእግሩን አረማመድ፥ የጥርሱንም ምግብ ይናገራል። የቆዳውን ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ቀራጩ ዴይኖቴሪየምን ቀይ ወይም ቡራቡሬ ቢያደርገው ማንም በሐሰት አይከሰውም፤ ጥርሱን ከላይኛው መንጋጋ ቢያወጣው ግን ስሕተት ሠርቷል። በሚታወቀው መጠንቀቅ፥ በማይታወቀው ነጻ መሆን የዚህ ሥራ ሕግ ነው።

የአሠራሩም ሥርዓት ይህ ነው። የሸክላው አፈር ከተቈፈረ በኋላ ይደርቃል፥ ይወቀጣል፥ ይነፋል፤ ከዚያም በውሃ ይቦካል። የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ይጨመርበታል፤ ይህም ሸክላው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፥ በእሳትም ውስጥ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ ነው። የአውሬው ሆድ ባዶ ሆኖ መሠራት አለበት፥ ትንሽ ቀዳዳም ይተውለታል። በወፍራም ጭቃ ውስጥ የቀረ ውሃ በእሳት ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ምስሉን ያፈነዳዋልና። ስለዚህም ምስሉ ፀሓይ በማይነካው ስፍራ ቀስ ብሎ ብዙ ቀን ይደርቃል። በመጨረሻ በእንጨትና በኩበት ተከቦ ይተኰሳል። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ጭቃው ጠባዩን ይለውጣል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም።

ኅብሩም ከአፈሩና ከእሳቱ ይወለዳል። በሸክላው ውስጥ ያለው ብረት ነፋስ በሚያገኝ እሳት ሲተኰስ ቀይ ይሆናል፤ እሳቱ በቅጠልና በኩበት ታፍኖ ጢሱ ሲገባበት ግን ይጠቍራል። ሳይተኰስ በፊት በቀይ አፈር ተቀብቶ በለስላሳ ጠጠር ቢታሽ ያበራል። በሌላው ዓለም የሚታየው እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቀው ልባስ የሚሠራው ከሚቀልጥ አሸዋ ነው፤ መዳብ አረንጓዴ፥ ኮባልት ሰማያዊ ቀለም ይሰጠዋል። ይህ ግን ብዙውን ጊዜ 1000 ዲግሪ ያህል የሚደርስ የተዘጋ ምድጃ ይፈልጋል።

ይህን ጥበብ በአገራችን ጠብቀው ያቈዩት ይልቁንም ሴቶች ናቸው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የአንበሳና የሌሎች እንስሳት ምስል በሸክላ እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከማኅበሩ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔም ሸክላ ሠሪዎች የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ብልሃተኞች የተከፈላቸው ዋጋ ብዙ ጊዜ ስድብ ነበር። ጠይብ ተባሉ፥ ቡዳ ተባሉ፤ በእጃቸው ሥራ የበላ ጎረቤት ከእነርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ መቀመጥን ናቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ነገር ግን የልብ ልማድ እንደ አዋጅ ፈጥኖ አይለወጥም።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት የሚነገረው ለሌላው ደክሞ ለራሱ ስለማይተርፈው ሰው ነው። ልጅዋም በትምህርት ቤት በእናቱ ሥራ ቢሰደብ ጥበቡን ሊማር አይወድም፥ ዕውቀቱም ከእርስዋ ጋራ ይቀበራል። ይህም የሚያሳዝን ነው፤ የአውሬው አጥንት በደለል ተጠብቆ 27 ሚሊዮን ዓመት ሲቈይ፥ የሰው ጥበብ ግን የሚማረው ካጣ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

ስለዚህ በካራም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ መምህር፥ የጥንት አራዊትን ታሪክ ሲያስተምር አንዲት ሸክላ ሠሪ በክብር ጠርቶ፥ የድካምዋንም ዋጋ ከፍሎ፥ በተማሪዎቹ ፊት እንድታስተምር ቢያደርግ መልካም ነው። ልጆቹ በእጃቸው ዴይኖቴሪየምን ሲቀርጹ ሁለት ነገር ይማራሉ፤ አንደኛው የጠፋው አውሬ ምን ይመስል እንደ ነበር፥ ሁለተኛውም ያልጠፋችው ጥበበኛ ምን ያህል ክብር እንደሚገባት ነው።